ዲጄ ስቴንት፦ ጠጠሩ ከወጣ በኋላ ውስጥ ስለሚቆየው ቱቦ

የኩላሊት ጠጠር በዩሬተሮስኮፒ (በሽንት መውጫው በኩል በሚገባ ቀጭን መመልከቻ) ገብተው በሌዘር ከሰበሩት በኋላ ለሚመጣው ሕመም ብዙ ታካሚ ኦፕራሲዮኑን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያመው ውስጥ የተተወው ዲጄ ስቴንት ነው።

ስቴንቱ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚዘረጋ ቀጭን ቱቦ ነው። እንዳይንሸራተት ሁለቱም ጫፎቹ ይጠቀለላሉ። ዩሬተር (ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቧንቧ) ቢያብጥ ወይም ስባሪ ቢወሸቅበት እንኳ ሽንት እንዲወርድ ያደርጋል፤ በዚህ ሥራው እንከን አናወጣለትም።

ለአዋቂ የተለመደው 6 ፍሬንች (የሕክምና ቱቦ ውፍረት መለኪያ)፣ ማለትም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። ርዝመቱ እንደ ሰውየው ቁመት ከ22 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ከረዘመ የታችኛው ጥቅል የፊኛን መሃል አልፎ ወለሉን ይፈትጋል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያጣድፋልም። ካጠረ ደግሞ ወደ ላይ ሸሽቶ ለማውጣት እንደገና ዩሬተሮስኮፒ ያስፈልጋል። ለሁሉም ሰው አንድ ልክ ማስገባትን አጥብቀን እንቃወማለን።

ከፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ የተሠራው ስቴንት ጠንከር ስለሚል በጠባብ ቦታ በቀላሉ ያልፋል። ከሲሊኮን የተሠራው ለማስገባት ያስቸግራል፣ ግን ለስላሳ ነው፤ የሽንት ጨውም ቶሎ አይጋገርበትም። ለሳምንታት ለሚቆይ ሲሊኮኑን እንመርጣለን።

ሲሸኑ ጎን ላይ የሚወጋው ሽንት በቱቦው ወደ ኩላሊት ስለሚመለስ ነው። ሽንት አለመቋጠር፣ አለማማጥም ይረዳል፤ ሐኪም የሚያዝዘው ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራምም ብዙዎችን ያቀልላቸዋል። ሲንቀሳቀሱ ሽንት ቀላ ቢል የሚጠበቅ ነው። የደም ጓል ከመጣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከተከለከለ ግን ወደ ሐኪም ነው። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ ማስታገሻ ውጦ መተኛት አይገባም፤ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ደም ሊመርዝ ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የስቴንት ትልቁ አደጋ መረሳቱ ነው። ከ3 ወር ሲያልፍ ጨው እየተጋገረበት ይሄዳል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ይፈጥናል። እንዲህ የተጋገረውን በጉልበት መሳብ ዩሬተርን ሊቀድድ ይችላል፤ መጀመሪያ ሁለቱ ጫፎች ላይ ያለውን ጠጠር መስበር ይጠይቃል። ስለዚህ የማውጫው ቀን ተጽፎ ሳይሰጥዎ ከሆስፒታል አይውጡ።

ጫፉ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ክር ያለው ስቴንት ያለ ሲስቶስኮፒ (ፊኛ ውስጥ የሚገባ መመልከቻ) ይወጣል፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚቆይ ጥሩ ነው፣ ሳይታሰብ ተጎትቶ እንዳይወጣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከወጣ በኋላ ዩሬተሩ አብጦ ለጥቂት ሰዓት ጎን ሊያም ይችላል። ሕመሙ በማግስቱም ካልለቀቀ ይመለሱ። ዩሬተሩ ሳይጎዳ፣ ስባሪም ሳይቀር ለተጠናቀቀ ሥራ ስቴንት ላያስፈልግ ስለሚችል ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይህንኑ ሐኪሙን ይጠይቁ።