ያገለገለ ኤክስካቫተር ከአሥር ወር በኋላ፦ ብረቱ ጨዋ፣ ሽቦው አመለኛ

አዳማ ላይ ማሽን በሰዓት አከራያለሁ። ከአሥር ወር በፊት አንድ 22 ቶን የሚመዝን፣ በአውሮፓ ያገለገለ ኤክስካቫተር ገዛሁ። ብራንዱን አልጠራም። ያቃጠለኝ ነገር የፋብሪካው ጥፋት ሳይሆን ከእኔ በፊት የነካካው ሰው ሥራ ስለሆነ፣ ስም ማንሳት ግፍ ይሆናል።

መልካሙን ላስቀድም። ሞተሩ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ገረጋንቲ ስንጭን በሰዓት 15 ሊትር ናፍጣ አካባቢ ይበላል። ዘይት አይንጠባጠብም። የቡሙ (የትልቁ ክንድ) መጋጠሚያ ፒንና ቡሽ ትንሽ ላልቷል፣ ለዕድሜው ምንም አይደል። ኤሲው ይሠራል፤ የዚህን ጥቅም የአዳማን ፀሐይ ካቢን ውስጥ ሆኖ የቀመሰ ያውቀዋል። ስክሪኑ ሲመጣ ጀርመንኛ ነበር የሚያወራው። ኦፕሬተሬ ለሁለት ሳምንት በሥዕሉ እየገመተ ሠራ።

አሁን ወደ ጉዱ። ይህ ማሽን በባልዲው ቦታ የሚገጠመውን ድንጋይ ሰባሪ፣ ጃክ ሃመሩን፣ የሚያዘው በኤሌክትሮኒክስ ነው። ድሮ ፔዳል ትረግጣለህ፣ ዘይቱ ይሄዳል፣ አለቀ። እዚህ ግን ስክሪኑ ላይ ሃመር የሚለውን ትመርጣለህ፣ ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ትእዛዙ ወደ አታችመንቱ ኮንትሮለር፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ዕቃ ወደሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ይላካል፣ እሱም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የዘይት በር፣ ሶሌኖይድ ቫልቩን ይከፍታል። የቀድሞው ባለቤት ባልዲውን የሚያሽከረክር ዕቃ ይጠቀም ስለነበር ኮንትሮለሩን ቡሙ ላይ አስገጥሞታል። ዋናው ኮምፒውተርና ይህ ኮንትሮለር የሚነጋገሩት እርስ በርስ በተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ካን ይሉታል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ለመኪና ብሎ ያስተዋወቀው ነው፤ ዛሬ ትራክተርም ኤክስካቫተርም ውስጥ አለ።

ሦስተኛው ወር ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ እየሰበርን ሳለ ሃመሩ ድንገት ዝም አለ። ስክሪኑ ከኮንትሮለሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም አለ። አጥፍተን አስነሳነው፣ ሠራ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ዝም። ባልዲ ስንገጥም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ደንበኛው የሰዓት ሂሳብ እየቆጠረ ቆሞ ያየኛል።

የመጀመሪያው መካኒክ አይቶ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» አለ። አመንኩት። ያገለገለ ኮንትሮለር አስፈልጌ ገዛሁ። ተገጠመ፣ ማሽኑ ግን ጭራሽ አላወቀውም። ለካ እንዲህ ዓይነት ዕቃ በሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር ካልተዋወቀ ባዶ ሳጥን ነው። የድሮው ተመለሰ። ሁለተኛው መካኒክ የሶሌኖይዱን ጥቅል ለካ፣ ደህና ነው አለና ሄደ። ቢያንስ እሱ አላስወጣኝም።

ከዚያ ስልክ ላይ የሚያሳይ ርካሽ ስካነር ገዛሁ። ስለዚህ ዕቃ ያለኝን አስተያየት በአጭሩ፦ የሞተር ኮድ በደንብ ያነባል፣ ፋብሪካው ለራሱ ያወጣቸውን የአታችመንት ኮዶች ግን አያውቃቸውም። እኔ ላይ ያሳየኝ 639 እና ከጎኑ 9 ነው። 639 የሚያመለክተው አንድ ዕቃ ሳይሆን የመገናኛ መስመሩን ራሱን ነው። 9 ማለት መልእክቱ በሚጠበቅበት ሰዓት አልደረሰም ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ አውቄ ቢሆን ኮንትሮለር አልገዛም ነበር። ማሽኑ «መንገዱ ተበላሽቷል» እያለ፣ እኔ መኪና ቀየርኩ።

ያዳነኝ ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። ይዞ የመጣው አንድ መልቲሜትርና ካቻቪቴ ብቻ። እውነት ለመናገር ሳየው ተስፋ ቆርጬ ነበር። ቡሙን መሬት አስወረደ፣ ሞተሩን አስጠፋ፣ የባትሪ ማጥፊያውን ዘጋ። ካቢን ውስጥ ያለውን ባለ ዘጠኝ ፒን ክብ ሶኬት ከፍቶ የካን ሁለቱ ሽቦዎች በሚደርሱባቸው ሲ እና ዲ በተባሉት ፒኖች መካከል ለካ። 60 ኦም።

«ጋሼ፣ ይኸው ደህና ነው» አለኝ። መስመሩ ጫፍና ጫፉ ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለኩ 60 ይሆናሉ። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፣ ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። «ታዲያ ደህና ከሆነ ምን ልትሠራ መጣህ?» ልለው ነበር። እሱ ግን መልቲሜትሩን ለረዳቴ አስያዘና ከካቢኑ ወረደ። የሽቦውን እቅፍ ተከትሎ ስንዝር በስንዝር እየጨበጠ ይወዘውዛል። ቡሙ ከማሽኑ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ሲደርስ ረዳቴ ከውስጥ ጮኸ። «መቶ ሃያ!» ለቀቀው፣ 60። ወዘወዘው፣ 120።

እቅፉን ከፈትነው። ሦስት ዙር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ሲላጥ ሁለቱ ሽቦዎች በእጅ ብቻ ተቋጥረው ተገኙ። መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል። አንደኛው በሦስት ክር ብቻ ነው የተያያዘው። ሃመሩ ሲመታ ንዝረቱ ክሮቹን ያለያያቸዋል። የመስመሩ አንድ ጫፍ ደግሞ ኮንትሮለሩ ውስጥ ስለሆነ፣ እሱ ብቻውን ይጠፋል፣ የቀረው ማሽን መሥራቱን ይቀጥላል። ባልዲ ሲሆን ንዝረት የለ፣ ችግር የለ።

የተበላሸውን ቆርጦ አዲስ ጥምዝ ሽቦ ቀጠለ፣ ውኃ የማያስገባ ሶኬት አደረገለት፣ ከሶሌኖይዱ ሽቦም አራቀው። ጥምዙን አትፍቱት ብሎ አስጠነቀቀን፤ ከሌላ ሽቦ የሚመጣን ረብሻ የሚከላከለው እሱ ነው። ከዚያ ቁልፍ ተከፍቶ ከማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተያያዘው የማሽኑ ብረት) ጋር ሲለካ አንዱ ሽቦ 2.6 ሌላው 2.4 ቮልት አካባቢ አሳየ። ጤነኛ መስመር እንዲህ በ2.5 ዙሪያ ነው የሚጫወተው። ሥራው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ።

ይኸው ሰባተኛ ወሩ ነው። ሃመሩ አንዴ ብቻ ተመልሶ ጠፋ፣ እሱም የእኛው ጥፋት ነው። ረዳቴ ላቫጆ ወስዶት የግፊት ውኃውን ሶኬት ላይ ለቀቁበት። በአየር ነፍተን አደረቅነው፣ ተመለሰ። አሁን ሶኬቶቹ ሳይሸፈኑ አይታጠብም። ባልዲ ሲበየድም ባትሪው ይነቀላል፣ የብየዳው ማሳ የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል። የኦፕሬተሬ ሕግ ነው፣ በያጁ ቢነጫነጭም።

እንደገና ልግዛ ቢባል እገዛዋለሁ፣ ግን ደላላው ስለ ቀለሙ ሲያወራ እኔ መልቲሜትር ይዤ ካቢን ውስጥ እገባለሁ። ሃመር ገጥሜም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስመታዋለሁ። በአምስት ደቂቃ ሙከራ ይሄ ጉድ አይታይም።

ያ ትርፍ ኮንትሮለር እስካሁን ገዢ አላገኘም። ሳሎን ቲቪው ስር ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ስትጠርግ ዋጋውን ታስታውሰኛለች።