ለአከራዬ ለኤርፖርቱ፣ ከአምስት ኮከብ ሁለት

ሰው ስለ ኤርፖርት አስተያየት ሲጽፍ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ዋይፋዩ ወይ ስለ ሽንት ቤቱ ነው የሚጽፈው። እኔ እዚያ የምሄደው ለመብረር አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ተርሚናል ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረኝ። ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የአንገት ትራስ፣ የሻንጣ ቁልፍ፣ ብቻ ሰው ቤቱ ረስቶት የሚመጣውን ነገር ሁሉ እሸጣለሁ። በቅርቡ ውሌ አለቀ፣ አላደስኩም። ስለዚህ የዛሬው ግምገማ ኤርፖርትን እንደ አከራይ የሚያይ ነው። የትኛው ኤርፖርት እንደሆነ አልናገርም። ቢነገርም ብዙ ለውጥ የለውም፤ ሌላ ቦታ ከሚሠሩ ነጋዴዎች ጋር ስናወራ ወሬያችን ያው አንድ ነው።

ጥሩውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባይኖር ኖሮ ስድስት ዓመት አልቆይም። ቦታው ንጹህ ነው፣ መብራት አይጠፋም፣ ሌባ የለም ማለት ይቻላል። ደንበኛው ደግሞ ሌላ የትም የማታገኙት ዓይነት ነው። ፍተሻውን አልፎ፣ ጫማውን መልሶ አስሮ፣ "ተመስገን" ብሎ ሲተነፍስ፣ በረራው ደግሞ ገና አንድ ሰዓት ሲቀረው አስቡት። ያቺ ጊዜ ለነጋዴ ወርቅ ናት። ሰውየው የትም አይሄድም፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ ቻርጀሩ ደግሞ የተቆለፈው ሻንጣ ውስጥ ነው። በቦታና በደንበኛ ብቻ ቢሆን አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር።

ነገሩ የሚበላሸው ውሉ ላይ ነው።

ለማታውቁት፣ የኤርፖርት ኪራይ እንደ መንገድ ዳር ሱቅ ኪራይ አይደለም። ብዙ ቦታ የሚሠራበት አካሄድ እንዲህ ነው፦ ከሽያጭህ ይህን ያህል በመቶ ትከፍላለህ፣ ግን ከዚህ መጠን በታች መውረድ አትችልም የሚባል ዓመታዊ ወለል አለ። ከሁለቱ የበለጠውን ትከፍላለህ። ገበያው ሲደራ መቶኛው ይሠራል፣ አከራዩ ትርፍህን ይካፈላል። ሲቀዘቅዝ ወለሉ ይሠራል፣ ኪሳራህን ግን አይካፈልም። ስፈርም ይሄ አልገባኝም አልልም። ገብቶኛል። የጨረታው ሽታ ግን ሰው ያሰክራል፤ ተፎካካሪ አለ ሲባል እኔም ወለሉን ከፍ አድርጌ ጻፍኩ። ያ የራሴ ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

በማኔጅመንቱ የማሳብበው የሚቀጥለውን ነው። ሱቄ ወደ አንድ የመሳፈሪያ በሮች ረድፍ የሚወስደው መተላለፊያ ላይ ነበር። ቦታውን የመረጥኩት፣ ያን ሁሉ ኪራይ ለመክፈል የተስማማሁትም በእነዚያ በሮች ምክንያት ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ብጠብቅ ሰው የለም። መጀመሪያ በረራ የዘገየ መሰለኝ። ወጥቼ ስክሪኑን ሳይ ዋናው አየር መንገድ በሮቹን ጠቅልሎ ወደ ሌላኛው ክንፍ ተዛውሯል። ለኔ የነገረኝ የለም፣ ኢሜይል የለም፣ ወረቀት የለም። ከአሥር ዓመት በላይ እዚያ የሠራች የጽዳት ሠራተኛ ናት "ወንድሜ፣ አልሰማህም እንዴ?" ያለችኝ።

ንግድ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፣ ተነስቶ ነው የተቀበለኝ።

"ውሉን አንብበውታል?" አለኝ።

"አንብቤዋለሁ።"

"እንግዲህ የተሳፋሪ ቁጥር ዋስትና እንደማንሰጥ ተጽፏል።"

እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። እሱ ለኔ አንድም ተሳፋሪ ዋስትና አይሰጥም፣ እኔ ግን ለእሱ የዓመቱን ኪራይ ዋስትና ሰጥቻለሁ፣ ያውም በባንክ ጋራንቲ፤ እኔ ባልከፍል ባንኩ ይከፍላል ማለት ነው። ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ በር መቼ እንደሚታወጅ፣ ፍተሻው ስንት ደቂቃ እንደሚያቆም፣ ይሄን ሁሉ የሚወስነው ማኔጅመንቱ ነው። ፍተሻው ላይ ሰልፉ ሲረዝም ሰው ሱቄን በሩጫ ነው የሚያልፈው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለኛ ቀልድ አይደለም፣ ደንበኞቻችን የምር ሰማይ ላይ ናቸው። የሰውን እግር የሚመራው አንዱ፣ እግሩ ሲጠፋ የሚከፍለው ሌላው። ከወለሉ ከፍታ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የገባኝ በ2020 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። በዚያ ዓመት የዓለም የአየር ተሳፋሪ ቁጥር ከቀደመው ዓመት 60 በመቶ ወደቀ። ተርሚናሎች ባዶ ሆኑ፣ የኪራይ ወለሉ ግን ውል ላይ እንደተጻፈ ነው። ስፔን ውስጥ ኤርፖርቶቹን የሚያስተዳድረው አኤና የሚባለው ድርጅት ከተከራዮቹ ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጓተተ። መጨረሻ ላይ ፓርላማው ገባበት። በ2021 በወጣ ሕግ የተወሰኑ ወራት ወለል ጭራሽ ተነሳ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ተሳፋሪው ከ2019 አንጻር በቀነሰበት ልክ እንዲቀንስ ተደረገ። አስቡት፣ የሱቅ ኪራይ ለማስተካከል የአገር ሕግ አስፈለገ። አሜሪካም መንግሥት ለኤርፖርቶች ከሰጠው የድጎማ ገንዘብ ላይ ለተከራዮች የኪራይ ማቃለያ የሚሆን ለብቻ ቆርጦ መድቧል። የኔ አከራይ ያደረገልኝ የክፍያ ጊዜ ማራዘም ነው። ዕዳው ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

"ታዲያ ኪራዩን በተሳፋሪ ቁጥር ማስላት ነዋ!" የሚል ይኖራል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የምለው። ከዚያ የኮሪያውን የኢንቼን ኤርፖርት ነገር አየሁ። እዚያ ትልልቆቹ የዲውቲ ፍሪ (ከቀረጥ ነጻ ሱቅ) ድርጅቶች ሺላና ሺንሴጌ የሚከፍሉት በተሳፋሪ ብዛት ተባዝቶ ነበር። ተሳፋሪው ተመለሰ፣ ግን እንደ ድሮው አይገዛም። ስለዚህ ሰው በበዛ ቁጥር ኪራዩ ይጨምራል፣ ሽያጩ ባለበት ይቆማል። በ2025 ኪራዩ 40 በመቶ እንዲቀነስላቸው ወደ ፍርድ ቤት ሽምግልና ሄዱ። ኤርፖርቱ እምቢ አለ። ዋጋውን በጨረታ ራሳችሁ ናችሁ ያቀረባችሁት፣ አሁን ብንቀንስ የተሸነፉት ምን ይላሉ ነው ክርክሩ። ሁለቱም ከያዙት ቦታ የተወሰነውን ለቀው ለመውጣት ወሰኑ። ይሄን ሳነብ በአከራዩ ለመናደድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ተሸናፊው እኔ ብሆን ኖሮ እጮህ ነበርና።

ለማኔጅመንቱ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ እነሱም ከላይ የሚጫናቸው አለ። አየር መንገዶች የማረፊያ ክፍያ ይቀነስልን እያሉ ሁልጊዜ ይወተውታሉ። ማኮብኮቢያው፣ የእሳት አደጋው፣ መብራቱ ግን ገንዘብ ይበላል። ከወረርሽኙ በፊት በዓለም ደረጃ ከኤርፖርቶች ገቢ 40 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከአየር መንገድ ሳይሆን ከሱቅ፣ ከመኪና ማቆሚያ፣ ከማስታወቂያና ከመሳሰለው ነበር። አንዳንድ አገር ደግሞ አየር መንገዶች የሚከፍሉት ክፍያ ሲሰላ የሱቆቹ ገቢ ተቀናንሶ ነው። ማለትም የኔ ኪራይ በጨመረ ቁጥር የአየር መንገዱ ክፍያ ይቀንሳል። ታዲያ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ኪራይ ይቀነስ የሚል ማን አለ?

ሌላው የዋጋ ጉዳይ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ዕቃ ለምን ይወደዳል እያሉ ስንቱ ሰው ገንዘብ ተቀባዬ ላይ ጮኸባት መሰላችሁ። አንዳንድ ኤርፖርቶች ውጭ ከሚሸጥበት በላይ አትሸጡም የሚል ደንብ አላቸው። የአሜሪካው የፒትስበርግ ኤርፖርት በ1992 አዲሱን ተርሚናል ሲከፍት በዚህ ደንብ ነው ስሙ የተነሳው። የኒውዮርክና የኒውጀርሲ ኤርፖርቶች ባለሥልጣን ደግሞ በ2022 በውጭው ዋጋ ላይ እስከ 10 በመቶ መጨመር ይፈቅድ ነበር። እንደ ተጓዥ እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ። እንደ ነጋዴ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የውጭ ዋጋ ካልን የውጭ ኪራይስ? የኔ አከራይ ዋጋዬን በየሩብ ዓመቱ ሰው ልኮ ያስመረምር ነበር። የላከው ሰው ደንበኛ መስሎ ይመጣል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ምንም አይገዛም። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ለየሁት፣ ሰላም እንባባል ጀመር።

ባጅ (የመግቢያ መታወቂያ) የሚባለውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ሳስታውሰው ያመኛል። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥር የደህንነት ማጣሪያው ሳምንታት ይፈጃል፣ እስከዚያ ሱቅህ ውስጥ መግባት አይችልም። ሁለት ጎበዝ ልጆች ባጅ ሲጠብቁ ሌላ ሥራ አግኝተው ሄደውብኛል። ማጣሪያው ተገቢ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ግን ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሲከርም ደህንነት አይባልም። በዚያ ላይ ዕቃ የሚገባው በተወሰነ ሰዓት ነው፣ እያንዳንዱ ካርቶን ይፈተሻል። ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጨረሻው ክፍት መሆን ግዴታ ነው፤ በረራ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሆነ አንተም ሌሊት ስምንት ሰዓት ትቆማለህ። ዘግተህ ከተገኘህ ቅጣት አለ። ስድስት ሰው ወንበር ላይ ተኝቶ የጆሮ ማዳመጫ የሚገዛ ይመስል።

አምስተኛው ዓመት ላይ ደግሞ እድሳት መጣ። ፊት ለፊቴ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ቆመ፣ ላዩ ላይ "ለተሻለ አገልግሎት እየሠራን ነው" የሚል ተለጠፈበት። ሰባት ወር ቆመ። ግድግዳው ሲነሳ ደግሞ ሱቄ ከአዲሱ ዲዛይን ጋር ስለማይሄድ በራሴ ወጪ አሳድስ ተባልኩ። ውሌ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከምናምን ነው የቀረው! መደርደሪያ ቀይሬ፣ መብራት ቀይሬ፣ የሱቁን ምንጣፍ ቀይሬ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው? ከወጣሁ ደግሞ የተገጠመው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ያን ቀን ነው ላለማደስ የወሰንኩት።

ግቡ ወይስ አትግቡ ለምትሉኝ፣ ግቡ። ግን ከመቶኛው ጋር ብዙ አትጨቃጨቁ፣ ወለሉ ላይ ተጨቃጨቁ። በሮች ሲዛወሩ ወይ ፊታችሁ ሲታጠር ወለሉ በዚያው ልክ የሚወርድበት አንቀጽ ካላስገባችሁ አትፈርሙ። ለውጥ ሲኖር ከስንት ቀን በፊት በጽሑፍ እንደሚነገራችሁ አስጽፉ። ገንዘብ ያወጣችሁበት ዕቃ ውሉ ሲያልቅ የማን እንደሆነም እንደዚያው። አንቀጹን አንቀበልም ካሏችሁ የሚሰጧችሁ ምክንያት ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ሁለቱ ኮከብ አንዱ ለቦታው፣ አንዱ ለጽዳቶቹና ለጥበቃዎቹ ነው። ቁልፉን ሳስረክብ ቀጣዩ ተከራይ መጥቶ ቦታውን በሜትር ይለካ ነበር። ወጣት ነው፣ ፊቱ በርቷል። "ተሳፋሪው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?" አለኝ።

"ዛሬ በዚህ በኩል ነው" አልኩት።