ከኪንታሮት ኦፕራሲዮን በኋላ ደም ሲመለስ፦ አኖስኮፒ ወይስ ኮሎኖስኮፒ?

አባባ ኪንታሮታቸውን ኦፕራሲዮን ካደረጉ ወራት አልፈዋል። አሁን ደሙ እንደገና መጣ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ትንሽ ደም ቢታይ ብዙም አይገርምም። ከወራት በኋላ ሲመላለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አኖስኮፒ በአጭር ቱቦ የሚደረግ ምርመራ ነው። ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ወዲያው ታክሲ ይዞ ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ቤት መመለስ ይቻላል። ኪንታሮቱ ተመልሶ ወይም ፊንጢጣው ተሰንጥቆ ከሆነ ያሳያል። ከዚያ በላይ ያለውን አያይም።

ኮሎኖስኮፒ ካሜራ ባለው ረጅም ቱቦ ትልቁን አንጀት በሙሉ ያያል። ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እባጭ) ከተገኘ ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣል፤ ናሙናም ይወሰዳል። ጣጣው ዝግጅቱ ነው። ቀደም ብሎ ጠጣር ምግብ ይቆማል፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል፣ ከዚያ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ቀጠሮውን ውሃ ከሚመጣበት ቀን ጋር አስማሙት። ቀልዴን አይደለም። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚሰጥ አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። አልፎ አልፎም ቢሆን አንጀት ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። አስፒሪን፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ለሐኪሙ ቀድመው ይንገሩ፤ በራስ ማቆም አይገባም።

በቅርቡ ካልተደረገላቸው እኔ ለአረጋዊ የምመርጠው ኮሎኖስኮፒውን ነው። የአንጀት ካንሰርም እንደ ኪንታሮት ይደማል፤ ደሙን አይቶ መለየት አይቻልም። አኖስኮፒው ቢቀድም አይከፋም። ችግሩ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ እዚያው ሲቆም ነው። ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የኪንታሮት ማስታወቂያማ ምርጫ ውስጥም አይገባ።

ደሙ ከበዛ ወይም ራሳቸውን ካዞራቸው ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።