ታፔላ የሌለው የደብረ ማርቆስ ጾም ቤት፦ ስልጆው፣ ወረፋውና ኖርዌጂያዊው ደንበኛ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጾም ምሳ የት እንደሚበላ ለሚጠይቀኝ እንግዳ ሁሉ የምጠቁመው ቤት ታፔላ የለውም። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ቀጥሎ የሚገኝ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ደንበኞቹ በባለቤቲቱ አጠራር "እትዬ ቤት" ይሉታል። በዚህ ቤት ረቡዕና ዓርብ ምሳ መብላት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ከአራቱ ሦስቱን ዓመት የበላሁት አማርኛ አስተምረው ከነበረ አንድ ኖርዌጂያዊ ሚሲዮናዊ ጋር በአንድ ትሪ ነው። ስለ ምግቡ የጀመርኩት ነገር እየደጋገመ ወደ እርሱ ቢያዘነብል አንባቢ አይፍረድብኝ፤ ቤቱን በሚገባ ያወቅሁት እርሱን ሲያለምዱት በማየት ነውና።

እንጀራው የነጭ ጤፍ ነው፤ ጤፉ ከእነማይ ወረዳ በኩል እንደሚመጣላቸው እትዬ ይናገራሉ። ያልጎመዘዘ፣ ዓይኑ የተከፈተ፣ ሲጠቀለል የማይሰነጠቅ ነው። በክረምት ግን የከተማው ብርድ ሊጡን ስለሚያዘገየው አንዳንድ ቀን ዓይኑ ተደፍኖ ይወጣል፤ እንዲህ ባለ ቀን እትዬ እንግዳው አፉን ሳይከፍት ቀድመው "ዛሬስ አልሆነልኝም" ብለው ያቀርቡታል። በያይነቱው ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ከጮቄ ተራራ አካባቢ የሚመጣ ድንች ይቀርባል። ምስሩ ተራ ነው፤ ጎመኑ ጥሩ ነው። ሽሮው ባቄላ ስለሚበዛበት ወፈር ይላል፤ በቲማቲም የቀላ ሽሮ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብደው ይሆናል።

ይህን ቤት ከሌሎች ሁሉ የለየው ግን ስልጆው ነው። ስልጆ የሚገኘው በዐቢይ ጾም ብቻ ሲሆን፣ እትዬ ሥራውን የሚጀምሩት ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። የተወቀጠ ሱፍ በውኃ ይታሽና ይጠለላል፤ በዚያ ነጭ ውኃ የባቄላ ዱቄት እየተማሰለ በቀስታ እሳት ይበስላል፤ ገንፎ መሰል ሆኖ ከበረደ በኋላ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበትና በማሰሮ ተከድኖ እንዲብላላ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ሰናፍጩ ካነሰ ስልጆው የባቄላ ገንፎ ሆኖ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ከሰናፍጭ በቀር ሌላ ጣዕም አይኖረውም። የእትዬ ስልጆ መጀመሪያ ምላስ ላይ ይኮመጥጣል፣ ከዚያም አፍንጫ ሥር ይወጣና ዓይን ያስነባል፣ ወዲያው ግን ይለቃል። በከተማው ያሉ ሁለት ትልልቅ ሆቴሎች በሁዳዴ የሚያቀርቡትን ቀምሻለሁ፤ ባይጠሩ ይሻላል።

ወዳጄ ስልጆ በቀመሰባት የመጀመሪያዋ ቀን ዓይኑ እንባ ሞልቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ አስተናጋጇ ልጅ ደንግጣ ውኃ አመጣችለት። እርሱ ግን ትሪው ላይ የቀረውንም ጠርጎ ከበላ በኋላ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ በአገሩ ሉተፊስክ የሚሉት የገና ሰሞን ምግብ እንዳለ፣ እርሱም የደረቀ ዓሣ በአመድ ውኃ ወይም በመሰል ነገር ተዘፍዝፎ እንደሚሠራ፣ ሽታውም እንግዳ ሰው እንደሚያባርር አስረዳን። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዓሣን በአመድ ውኃ የሚዘፈዝፍ ሕዝብ ከስልጆ ሊሸሽ እንደማይችል እትዬ ያን ዕለት ፈረዱ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ለእርሱ ብቻ ይቀርብ የነበረው ሹካ ጠፋ።

ስለ ሹካው ላብራራ፤ የመስተንግዶው ዋና ጉድለት የነበረው እርሱ ነውና። ወዳጄ በመጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ለብቻው በሳህን፣ በሹካ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይቀርብለት ነበር፤ አስተናጋጇም አንድ ጊዜ ሒሳቡን እጥፍ አድርጋ ልታስከፍለው ሞክራለች። ሒሳቡን እትዬ ወዲያው አርመው ልጅቷን ተቆጥተዋታል። ሳህኑ ግን አክብሮት መስሏቸው ስለነበር እንዲቀር ማግባባት ጊዜ ወስዶብኛል። ወዳጄ ላጤ ሰው ነው፤ ጧት ጧት ከእኔ ጋር ፊደል ሲቆጥር ይቆያል፣ ከዚያ ገጠር ወርዶ ምንጭ የማጎልበት ሥራ ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ብቻውን ራቱን ይበላል። ለእንዲህ ያለ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ከሌላ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መጉረስ ምን ማለት እንደሆነ እትዬ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። ከገባቸው በኋላ ግን ራሳቸው ያጎርሱት ጀመር፤ ጉርሻቸውም፣ ይህን እንደ ጉድለት ይቁጠሩልኝ፣ ከአቅም በላይ ነው።

ወደ ቤቱ ለሚሄዱ ሰዎች ማወቅ የሚገባው ዋና ነገር ሰዓቱ ነው። እትዬ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ድስት አይከፍቱም። አምሳ አምስቱንም ቀን እንዲሁ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይላላል። ለምን ብሎ መከራከር ጥቅም የለውም፤ ራሳቸው የማይበሉበትን ሰዓት ለሌላ አያበሉበትም። ወዳጄ በመጀመሪያው ዓመት በስድስት ሰዓት እየመጣ ተመልሶ ይሄድ ነበር፤ በሃይማኖቱ እንዲህ ያለ ጾም የታዘዘ አይደለምና ቤቱ ገብቶ ዳቦ ይበላል። በሁለተኛው ዓመት ግን በዘጠኝ ሰዓት መምጣት ጀመረ። ጾም ጀመርክ ወይ ብለው የጠየቁት ብዙዎች ነበሩ፤ "አይ፣ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ" ይል ነበር። አንዳንዱ ይህን እንደ ብልጠት ቆጠረበት፤ አብሮት የሚበላ ግን አልቆጠረበትም።

ከመደበኛ ደንበኞቹ አንዱ የቅኔ መምህር የሆኑ መሪጌታ ናቸው። ሲገቡ ሰው ሁሉ "ኖር" ብሎ ይነሣላቸዋል፣ እርሳቸውም "በእግዜር" ብለው ያስቀምጡታል፤ ወዳጄም ከኋላ ዘግይቶ መነሣትን ለመደ። መሪጌታ ለብዙ ወራት ከእርሱ ራቅ ብለው ነበር የሚቀመጡት። ጎጃም ውስጥ ለሚሲዮናዊ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ ኢየሱሳዊው (ጀስዊቱ) የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ያየው፣ የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በኢየሱሳውያን እጅ ዳግም የተሠራው፣ ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ወደ ቀድሞው የመለሱት በዚሁ ዘመን ነውና። አንድ ዓርብ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው "አንተ ከእነ ፓኤዝ ወገን ነህን?" ሲሉ በቀጥታ ጠየቁት። ወዳጄ ሉተራዊ ነውና "አይደለሁም መሪጌታ፣ የእኛም ሰዎች ከሮም ጋር ተጣልተው የወጡ ናቸው" አለ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ትሪያችን ሦስት ሰው የሚበላበት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስለ አማላጅነት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ሥዕል የተደረገው ክርክር ብዙ ነው፤ አንዱም አንዱን አላሳመነም። እትዬ ግን ለዚህም ሥርዓት አበጁለት፤ ክርክር የሚጀመረው አቦል ከተጠጣ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ለቤቱ ሰላም ጠቅሟል፤ ለወረፋው ግን አልጠቀመም። መቀመጫው ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ መደብና አምስት ወይም ስድስት በርጩማ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ክርክር ከቶና አልፎ በረካ ከደረሰ በር ላይ የቆመው ሰው ምሳውን ወደ ማታ ይበላል። የቸኮለ ሰው እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል።

ቤቱ ለቋንቋ ትምህርት ግን ከመማሪያ ክፍል የተሻለ ነበር። ወዳጄ ጠን ከተ መለየት ከብዶት ሳለ አንድ ቀን መሪጌታ ቤቱ ድረስ መጥተው እንደጠየቁት በደስታ ሊናገር ፈልጎ፣ "ትናንት መሪጌታ ቤቴ መጡ" በማለት ፈንታ "ትናንት መሪጌታ ቤቴ መቱ" ብሎ አረፈው። እትዬ ማማሰያቸውን እንደያዙ "ማንን?" ብለው ከጓዳ ወጡ። ያቺን ፊደል ከዚያ ወዲያ አልሳታትም፤ እኔ በወረቀት ለሁለት ወር ያስተማርኩት ነገር በአንዲት "ማንን" አለቀ።

በየወሩ ለሚደግፉት ምእመናን የሚልከውን ደብዳቤም እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚጽፈው። እሑድ ጧት በአንድ ሰው ቤት ከሚሰበሰቡ ጥቂት አማኞች ጋር ይጸልያል፤ በአገሩ ያሉት ሰዎች ደግሞ ስንት እንደ ሆኑ ቁጥሩን ማወቅ ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ደግሞ በየወሩ ያው ነው። አንድ ጊዜ የጻፈውን ሲተረጉምልኝ፣ ግማሽ ገጹ ስለተጎለበተው ምንጭ፣ የቀረው ሁሉ ስለ ስልጆ አሠራር ሆኖ አገኘሁት። ይህን ያነበበ ሽማግሌ ምን እንደሚል ጠየቅሁት፤ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ እንጀራ ቆረሰ።

ስለ ቤቱ ደግነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በኖርዌይ የገና ዋናው ማዕድ የዋዜማው ምሽት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 15 ላይ ይውላል። ይህ ደግሞ ኅዳር 15 በሚጀምረው የነቢያት ጾም መካከል ነው። እትዬ በጾም ሥጋም ቅቤም ቤታቸው አያስገቡም፤ ልጁን ደግሞ በበዓሉ ቀን ሽሮ ሊያበሉት አልፈለጉም። በዋዜማው ያለ ቅቤና ያለ ወተት ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ማር በጣሳ አቅርበው፣ ጠላ ስለማይጠጣም ብርዝ በጥብጠው ጠበቁት። ዳቦው፣ እውነት ለመናገር፣ ከሥር አርሯል። ማሩ ግን የጎጃም ማር ነው።

በፍስክ ቀን ይህን ቤት አልመክርም። ጥብሱ ይደርቃል፤ እትዬ ሥጋ ሲሠሩ ልባቸው ያለ አይመስለኝም። ጓዳው ጭስ ማውጫ ስለሌለው ከመደቡ የውስጠኛው ጫፍ የተቀመጠ ሰው ልብሱ ጭስ ጭስ ሲል ይውላል። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ነው፤ ውኃ የሚኖረው አንድ ቀን አልፎ አንድ ቀን ስለሆነ የእጅ መታጠቢያውን በማንቆርቆሪያ ነው የሚያስታጥቁት። ዋጋው ከዋናው አስፋልት ሆቴሎች ግማሽ ቢሆን ነው። የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ ለሚያውቁት ሰው የዱቤ ደብተር አላቸው፤ በወሩ 21 ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ ቤቱ ዝግ ነው።

ወዳጄ ባለፈው ሐምሌ የደጋፊ አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጎብኘት ወደ አገሩ ሄዷል፤ ሚሲዮናውያን በየጥቂት ዓመቱ እንዲህ ያደርጋሉ። ሲሸኙት እትዬ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ በከረጢት ቋጥረው ሰጥተውት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሎ፣ የሄደበት ጥድፊያ አስረስቶት የሁለት ምሳ ሒሳብ ሳይከፍል እንደቀረ ነገረኝና እንድከፍልለት ለመነኝ። ዓርብ ዕለት ብሩን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ደብተሩን ገልጠው የተጻፈበትን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ፤ ብሩን ግን ወደ እኔ ገፉት።

"ተዉት መምህር" አሉኝ፣ "ከከፈሉለትማ በምን ይመለሳል?"