«ደረቅ ዋንዛ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ

የምግብ ጠረጴዛ በራሳችሁ ልትሠሩ ጣውላ የምትገዙ ካላችሁ፣ በተለይ አሁን በክረምት፣ ይህን አንብቡልኝ።

አምና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ጣውላ ሻጭ 4 ሳንቲም ውፍረት ያለው ዋንዛ ገዛሁ። «ዓመት ሙሉ መጋዘን የተኛ ነው፣ ደርቆ ያለቀ» አለኝ። የደረቅ ዋጋ ከፈልኩ። አጎቴ የድሮ አናጺ ነው። ጣውላውን ገና ሲያነሳው «ልጄ፣ ይሄ ይከብዳል፤ ውሃ አለው» ብሎኝ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብዬ አጣደፍኩት። 180 በ90 ሳንቲም፣ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ወጣው። የበዓሉን ዶሮ በላነበት።

ኅዳር ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ሌሊት ሌሊት ይጮህ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ በኮላ የተጣበቀው ለቀቀና በሁለት ጣውላዎች መሃል እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አንዱ ጣውላ ደግሞ ከዳር እስከ መሃል ተሰነጠቀ። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አይቀንስም፣ በጎኑ ግን ይሰበሰባል። እኛ ከስር በቪቴ ጥርቅም አድርገን አስረነዋል፤ የሚሸሽበት ሲያጣ ተቀደደ። ሻጩ ጋ ብሄድ «የተቆረጠ እንጨት አይመለስም» አለኝ። ደረሰኝም አልነበረኝም። እናቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ልጆቿን ሰብስባ ልታበላ ነበር የጓጓችው፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በኋላ አጎቴን ይዤ ሻጩ ጋ ተመለስኩና አጎቴ ክምሩን አሳየኝ። ጣውላዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ልጥፍ ብለው ነው የተደረደሩት፤ በመሃላቸው አየር የሚያሳልፍ ስንጥር እንጨት የለም። አየር ካልገባ ዓመትም ቢቆይ ውስጡ አይደርቅም። እሱ እንደሚለው ደግሞ 2.5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጣውላ እንኳን ጥላ ስር፣ አየር እየገባው፣ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የኔ 4 ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከጣውላው መሃል ቁራጭ አስቆርጡ። ከጫፉ አይሁን፤ ጫፍ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። ቤት ወስዳችሁ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ከዚያ 100 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እያያችሁ አቆዩት። 500 ግራም የነበረው 450 ላይ ከቆመ ደህና ነው፤ ግዙ። 400 ከደረሰ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ እየገዛችሁ ነው፣ ተዉት። ቁራጭ አልሰጥም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ቀለም ተቀብቶ የሚቀርብ ጣውላም አትንኩ፤ ባህር ዛፍ ቡናማ ሲቀባ ዋንዛ ይመስላል። ደረሰኙ ላይ የእንጨቱ ዓይነትና «ደረቅ» የሚለው ቃል ይጻፍላችሁ።

አሁን ሌላ ጣውላ ገዝተን ሳሎን ጥግ፣ በየመሃሉ ስንጥር አድርገን ደርድረነዋል። አጎቴ በየወሩ ይመዝነዋል። መቀነሱን ሲያቆም እንሠራዋለን።