የካምፕ ቫን ጥላ ሸራን ማውለቅ፦ በራስ ወይስ በባለሙያ?

ከካምፕ ቫን (እየተጓዙ ከሚያድሩበት መኪና) ጎን የታሰረው ጥላ ሸራ ሲያረጅ ወይም መኪናው ሊሸጥ ሲል ጥያቄው ይመጣል፦ ራሴ ልፍታው ወይስ ለጋራዥ ልስጠው?

ወጪ፦ በራስ ከሆነ የብሎን መፍቻ፣ ሁለት መሰላልና ቀዳዳ መድፈኛ አንድ ቱቦ ማሸጊያ ማጣበቂያ ይበቃል። ባለሙያ የእጅ ዋጋ ይጨምራል።

ድካም፦ ሸራው የሚጠቀለልበት 3 ሜትር የሚረዝመው ሣጥን ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ርዝመቱ ደግሞ ከክብደቱ ይብሳል። ብቻዎን አይሞክሩት። ጋራዥ ሰውም መሣሪያም አለው።

አደጋ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሸራው ተጠቅልሎ ሣጥኑ በገመድ መታሰር አለበት፤ ሸራውን ወደ ውጭ በሚዘረጉት ክንዶች ውስጥ የተወጠረ ስፕሪንግ ስላለ ድንገት ከተከፈተ ሰው ይጎዳል። ሌላው ውሃ ነው። ሣጥኑን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው መያዣ የመኪናውን ብረት በስቶ የገባ ከሆነ፣ ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነ ዝናብ ይሰርጋል፣ ዝገት ይከተላል፤ ጉዳቱም የሚታየው ዘግይቶ ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህንን ነው። ባለሙያም ቢሆን ቀዳዳውን በምን እንደደፈነው ይጠይቁት።

መያዣው ብረት ሳይበሳ በጣሪያው ሐዲድ ላይ ከታሰረና ረዳት ካለ፣ በራስ መፍታት ያዋጣል። በማጣበቂያ የተለጠፈ፣ ብሎኑ የዛገ ወይም የመብራት ሽቦ ያለው ከሆነ ግን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።