ለዝሆኔ ሕሙማን የሚሰጥ የእግር እንክብካቤ፦ ከአክስቴ ጋር የተመላለስኩባቸው ሦስት ወራት

አክስቴ በቀኝ እግራቸው ላይ የወጣውን እብጠት ከ10 ዓመት በላይ በቀሚሳቸው ጫፍ እየሸፈኑ ኖረዋል። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሙ፣ ውሃ ሲቀዱና ገበያ ሲመላለሱ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁም «ክፉ ነገር ረግጬ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ክረምቱ እንደወጣ በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ለዝሆኔ ሕሙማን የእግር እንክብካቤ እንደሚሰጥ ሰምቼ ወሰድኳቸው። የታዘብኩትን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤቱ ያለ ሰው ሳይዘገይ እንዲሄድ ስለምፈልግ ነው።

ብዙ ሰው ዝሆኔ ሲባል በትንኝ የሚተላለፈውን ብቻ ያስባል። በደጋው አገር የሚበዛው ግን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ የሚመጣው ዓይነት ነው። ረቂቁ የማዕድን ብናኝ በቆዳ ሰርጎ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚያስቆጣና ስለሚያጠብ፣ ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። በሀገራችን በዚህ ሕመም የሚሠቃየው ሰው 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙም እርግማን አይደለም፤ በወላይታ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንድ ሰው በአፈሩ ይበልጥ እንዲጎዳ የሚያደርግ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ።

ሕክምናውን የምትሰጠው ወጣት ራሷ የዚሁ ሕመም ታካሚ የነበረች ናት። ዝቅ ብላ «እማማ፣ እግርዎን ይስጡኝ» ስትል አክስቴ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ይሸታል፣ ልጄ» አሉ። እሷም የራሷን ካልሲ ዝቅ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን አሳየቻቸውና እግራቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳፋው ውስጥ አስገባች። ሌላ ምንም ባይደረግላቸው እንኳ ያን ቀን መሄዳችንን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው፦ እግሩ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እስከ እጥፋቱ ድረስ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በ6 ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ በረኪና ተጨምሮ ለጥቂት ጊዜ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፤ ጣቶች መካከል ፈንገስ ካለ የዊትፊልድ ቅባት፣ ለደረቀውና ለነቃው ቆዳ ደግሞ ቫዝሊን ይቀባል። እብጠቱን የሚጨቁነው ፋሻ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ሲተኙ እግር ከፍ ብሎ እንዲያርፍም ይመከራል። ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም በእጇ ሠርታ አሳየች፤ በሁለተኛው አክስቴ ራሳቸው እንዲሠሩ አድርጋ ሲሳሳቱ ብቻ አረመች። አገልግሎቱን የማመሰግነው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው፤ ይህ እንክብካቤ ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚደረግ በመሆኑ ቤት ገብቶ መሥራት ያልቻለ ታካሚ ምንም አልተጠቀመም።

ሽታው በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። በሦስተኛው ወር ቁርጭምጭሚታቸው በሜትር ሲለካ 4 ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፤ እንደ እንጨት የጠነከረው ቆዳም ለስልሷል። ቀድሞ በየወሩ እያገረሸ በትኩሳትና በብርድ ብርድ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም በእነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ጣታቸው ላይ ያበጡት እባጮች ግን አልጠፉም፤ እነሱ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ በመታጠብ ብቻ እንደማይወገዱ ከመጀመሪያው በግልጽ ተነግሮናል። እብጠቱ ገና ለስላሳ ሳለ የመጣ ሰው ውጤቱ ከዚህ እጅግ የተሻለ እንደሚሆንም ተረድቻለሁ።

ቅር ያሰኙኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ፋሻና ቅባት ሁለት ጊዜ አልቆ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል፤ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ለመጣ ሕመምተኛ ይህ ከባድ ነው። ከዚያ የባሰው የጫማው ነገር ነው። የተሰጣቸው ሸራ ጫማ በተለመደው ልክ የተሠራ በመሆኑ ያበጠውን የእግራቸውን ጀርባ ፈግፍጎ አቆሰለው። በዚህ ሕመም ትንሽ ቁስል ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ ያ አንድ ጊዜ ያገረሸባቸውም ቁስሉ በወጣ በሳምንቱ ነው። በረባሶ ልግዛላቸው ብል ደግሞ ክፍት ስለሆነ አፈሩን አይከለክልም። ጤና ጣቢያው የእግርን ልክ ወስዶ የሚያሠራበት መንገድ አልነበረውም፤ ይህ መስተካከል አለበት።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው፦ አክስቴ ታጥበው ፋሻቸውን እንደጠቀለሉ ካርቶን ላይ አቆምናቸውና የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእስክሪብቶ አሰመርን። ጫማ ሰፊው ከዚያ ላይ ወስዶ፣ ሰፋ ያለ አፍና ውስጡ ለስላሳ ቆዳ ያለው ጫማ በአምስት ቀን ሠራ። ካርቶኑ ለሚቀጥለው ጫማ እንዲሆን አሁንም አክስቴ ጎጆ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።